የመልበሻ ክፍሉ ንግግር

የአንድ ኮሌጅ እግር ኳስ ቡድን ዘጠኝ ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ውራ ወጣ። የኮሌጁ ዲን ዶክተር ልሳነወርቅ ግን በየጨዋታው እረፍት መልበሻ ክፍል ገብተው፣ የደከሙትን ተጫዋቾች ውሃ እንኳ ሳያስቀምሱ ቀጥ አድርገው አቁመው ንግግር ማድረግ አይታክታቸውም ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ አሰልጣኙን መምህራኑ ፊት አቆሙት።

«በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫ ታመጣለህ? አላመጣም ካልክ ዛሬውኑ ትሰናበታለህ፤ አመጣለሁ ካልክ ደግሞ ምን እንደምትለውጥ እዚሁ ተናገር!»

አሰልጣኙ እንጀራው አደጋ ላይ መሆኑን እያወቀም ሳቁ መጣበት።

«አመጣለሁ ጌታዬ!» አለ። «ዘጠኙንም ጨዋታ እስከ እረፍት የመራነው እኛ ነን። ስለዚህ ተጫዋችም አልቀይርም፣ አጨዋወትም አልነካም። እርስዎ ብቻ ከእንግዲህ ንግግርዎን የተጋጣሚያችን መልበሻ ክፍል ገብተው ያድርጉልን።»