ማንአለብኝና የቀሩት ዐሥር እርምጃዎች

በእኛ አገር ዓይነ አፋሯን ሙሽራ ከጓዳ ጎትተው ለእንግዳ ሲያሳዩ፣ ወይም ዋና የማይችለውን ገፍትረው ወንዝ ሲከቱ ያየ ሽማግሌ ራሱን ነቅንቆ የሚላት አንዲት አባባል አለች። የሚላት ብዙ ነው፤ ከየት መጣች ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የመጣችው ከአንድ ውሻ ነው፤ ደምም አለባት።

እንግዳዬ የምትባል ሴት ነበረች። ስሟ እንግዳዬ ይሁን እንጂ ደጇን እንግዳ ከረገጠው ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ምክንያቱ ውሻዋ ነው። ባሏ ላቀው በድንበር ከጎረቤቶቹ ጋር ተጣልቶ ስለነበር ቡችላውን «ማንአለብኝ» ብሎ ሰየመው፤ ጠዋት ማታ በተጣራ ቁጥር እንዲሰሙለት ነው። በአገሩ እንዲህ ነው፤ ለሰው ፊት ለፊት የማይነገረው በውሻ ስም ይነገራል።

ስም ያወጣው ላቀው ቢሆንም ያሳደገችው እንግዳዬ ናት። ገና ቡችላ ሳለ ላቀው በገመድ እየጎተተ ገበያ ይዞት ወጣ፤ ከሥጋ ተራ የሚውሉ ውሾች ከበው ቦጫጨቁት። ግራ ጆሮው ተሰንጥቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰው አይነካም፣ በግ አይነካም፤ ውሻ ሲያይ ግን ጸጉሩ ይቆማል፣ ሳይደርሱበት ደርሶ ይናከሳል። በዚያ አገር ደግሞ ያለ ውሻው መንገድ የሚወጣ ጥቂት ስለሆነ ሰዉ ሁሉ የእንግዳዬን ደጅ ተወው። ባለፈው ጥቅምት ወባ ይዟት ስትንቀጠቀጥ እንኳ የጠየቃት የለም። ላቀው ማሳ ሲውል፣ ከመደቧ ሥር ተኝቶ የሚያሞቃት ማንአለብኝ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ የመንደሩን ጭቃ ሹም ውሻ ነክሶ እግሩን ሰበረው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠና «እስከ ሰኔ ሚካኤል ከውሾች መሐል በሰላም ካልዋለ ይገደል» ተብሎ ተፈረደ።

እንግዳዬ ድሮ አዳኝ ወደነበሩት ወደ አያ ስንሻው ሄደች።

«አያ፣ ይህን ጀግና አደብ የሚያስገዛልኝ ባጣ መጣሁ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ውሻውን ከሩቅ አዩት። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት አሮጊቷ ውሻቸው ቦራ ከእግራቸው ሥር ተጋድማለች። ማንአለብኝ እሷን እያየ ጥርሱን ያፋጫል።

«ይኼ ጀግና አይደለም፣ ልጄ። ጭራውን እይው፤ ከሆዱ ሥር ነው። ስሙ ማንአለብኝ፣ ልቡ ግን ማን ያድነኛል ነው የሚለው።»

«ታዲያ ዱላ ይሻለዋል?»

«ዱላማ ጠግቧል። ውሻ እያየ የማይፈራበት ርቀት ይፈለግለት። እዚያ ይቁም፣ ይብላ፣ ሳይፈራ ይመለስ። በማግስቱ አንድ ሁለት እርምጃ ትጠጊያለሽ። ከጮኸ የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ፤ ወደ ኋላ ትያለሽ። ገመዱን ደግሞ አታክርሪበት። ገመድ የከረረበት ውሻ መሸሻ ያጣል፤ መሸሻ ያጣ ይናከሳል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦራ በሜዳው አንድ ዳር፣ ማንአለብኝ በሌላው ዳር መቆም ጀመሩ። መጀመሪያ መቶ እርምጃ ነበር። እንግዳዬ ለራሷ ካስቀመጠችው ቋንጣ እየቆረሰች ትሰጠዋለች፤ ቦራን አየና በላ፣ አየና በላ። ሰማንያ ሆነ፣ ስድሳ ሆነ። አንድ ቀን በመሐል የሌላ ሰው ውሻ ሲሮጥ አለፈና ማንአለብኝ አበደ፤ እንደገና ከዘጠና ተጀመረ። ውኃ ቀጂዎቹ ሴቶች «እንግዳዬ ውሻ ልትድር ነው» እያሉ ሳቁባት። እሷ ግን በማግስቱም ቋንጣዋን ይዛ ሜዳው ወጣች።

በሰባተኛው ሳምንት ዐሥር እርምጃ ብቻ ቀረ። ማንአለብኝ ቦራን አየ፣ ፊቱን አዞረ፣ አዛጋና ተኛ። እንግዳዬ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው።

«ከእንግዲህማ ዐሥር ቀረን፣ አያ።»

«ዐሥሩ ከዘጠናው ይከብዳል» አሉ ሽማግሌው።

ለሰኔ ሚካኤል ዐሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ሰንበቴ ነበር። ወንዶቹ ጠጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ ውሾቻቸውም ዙሪያውን ተጋደሙ። ጭቃ ሹሙ ላቀውን ጎነጥ አደረገው።

«ላቀው፣ ሚስትህ ያንን ውሻ ቋንጣ እያጎረሰች ታሽሞነሙነዋለች አሉ። ማንአለብኝ ነው ወይስ እዘሉኝ?»

ሁሉም ሳቀ። ላቀው አንድ ቀን እንኳ ሜዳው ድረስ ወጥቶ አላየም ነበር። ግን ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል።

«ውሻው ተገርቶ አልቋል» አለ። «አሁን አምጥቼ ከውሾቻችሁ መሐል አስተኛዋለሁ። ካልተኛ ፍርዳችሁ ዛሬውኑ ይፈጸም።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ቤት ሲደርስ እንግዳዬ ከደጅ ከማንአለብኝ ጸጉር ላይ ጭጎጎት ትለቅማለች። «ገመዱን ስጪኝ» አላት፤ የተናገረውንም ነገራት።

«ዐሥር እርምጃ ይቀረናል፣ ላቀው። ዐሥራ አምስት ቀንም አለን።»

«ዐሥር እርምጃ ምን አላት? ደግሞ የሳቁብሽ ሴቶች ሁሉ እዚያው ናቸው። አፋቸውን አታዘጊም?»

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ውሻው ያለ እሷ ንቅንቅ አይልም። ነገር ግን ውኃ ቀጂዎቹ ሲያፍሩ ታዩዋት፤ እሷም ሰባት ሳምንት ሲሳቅባት የኖረች ሰው ናት። ገመዱን ሰጠችውና ከኋላ ተከተለች።

ላቀው እስኪመለስ አያ ስንሻውም ቦራን አስከትለው መጥተው ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ከዋርካው ሠላሳ እርምጃ ሲቀር ማንአለብኝ ቆመ። ዘወር ብሎ እሷን አያት። ላቀው ጎተተው። እግሩን ተከለ፤ ገመዱ ከረረ።

«ላላ አድርግለት!» አሉ አያ ስንሻው ከመቀመጫቸው እየተነሡ።

ወንዶቹ ሳቁ። ላቀው ሳቁን ሲሰማ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ እስከ ዋርካው ጎተተው። ውሾቹ ተነሥተው አጉረመረሙ። ቦራ ብቻ የምታውቀው ወዳጇ ነውና ጭራዋን እየቆላች ልታሸተው ቀረበች። እሱ ግን ወዴትም መሄጃ አልነበረውም፤ ፊት የደረሰችበትን ነከሰ። ሲያላቅቋቸው የቦራ ግራ ጆሮ ለሁለት ተሰንጥቆ ተንጠልጥሏል።

ቃል ቃል ነው። ጭቃ ሹሙ ጦር አስመጣ። ላቀው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። እንግዳዬ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ «ገመዱን እኔ ልያዝለት፣ ላላ አድርጌ።» ፈቀዱላት። ማንአለብኝ እጇን እያሸተተ ቋንጣውን ሲፈልግ ነው የወጉት።

በሳምንቱ ይቅርታ ልትጠይቅ ወደ አያ ስንሻው ቤት ሄደች። ፍርሃት የማታውቀው ቦራ ኮቴ ስትሰማ ጎተራው ሥር ገብታ፣ ጭራዋን ከሆዷ ሥር ወሽቃ ጥርሷን አፋጨች። እንግዳዬ ባለችበት ቆመች።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ አያ። እንደገና ከመቶው ልጀምርላት።»

«ጀምሪላት» አሉ ሽማግሌው። «እኔና እሷ ግን መቶውን የምንጨርስበት ዕድሜ የለንም። ፍርሃት፣ ልጄ፣ በእርምጃ ይወጣል፣ በጉተታ ይገባል።»