ድንጋዩን ማን ይሸከማል?

ተረት ተረት፣ የመንገድ ዳር ተረት። ከዕለታት አንድ ቀን ሾፌር የሌለው የጭነት መኪና ወደ አውራ ጎዳናው መጣ። እንስሳቱ ፈርተው መንገዱን ዘጉበት።

«ምን ያስፈራችኋል?» አለ መኪናው ኮራ ብሎ። «እኔ አልተኛም፣ አልሰክርም፣ ጫት አልቅምም። አራት መቶ ኩንታል ተሸክሜ ከመስመሬ ዝንፍ አልልም።»

ችኩሉ ዝንጀሮ፣ «እውነቱን ነው! አምና የአህያን ባል የገጨው ሾፌር አንቀላፍቶ አይደል? ይለፍ» አለ።

አህያ ግን ውርንጭላዋን ወደ ጎኗ አስጠግታ እንዲህ አለች፦ «ያ ሾፌር ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ደጄ ድረስ መጣ። ማሪኝ ብሎ አለቀሰ፤ እኔም ማርኩት። አንተ ብትገድል ድንጋዩን ማን ይሸከማል?»

«እኔ አልገድልም» አለ መኪናው።

መንገዱ ተለቀቀለት። ብዙ ወራት በሰላም ተመላለሰ። አንድ ጭጋጋማ ጠዋት ግን ውርንጭላዋን ገጨ። ወዲያው ቆመ፤ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ጠበቀ። አህያም ልጇ አጠገብ ቆማ የመኪናውን በር ትኩር ብላ አየች። ማንም አልወረደም።

ዛሬም አህያ አስፋልት መሀል ቆማ፣ ክላክስ ቢያንባርቅባትም ንቅንቅ የማትለው፣ የሚወርድ ሰው እየጠበቀች ነው።