አባት ያጠበቀው ብሎን

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አንድ የሞተር ሳይክል መካኒክ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ አንድም ደንበኛ «ጎማዬ ወለቀ» ብሎ ተመልሶበት አያውቅም።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ልክ የሚናገር ቁልፍ ነበረው። ብሎኑ የሚበቃውን ያህል ሲጠብቅ ቁልፉ «ቀጭ» ይላል። ቀጭ ሲል ሰውየው ያቆማል። ያቆማል፣ ወገኖቼ። ከዚያ በኋላ ቅንጣት አይጨምርም።

ይህ ሰው ላምቦሬ ይባላል። ታደለች የምትባል አንዲት ልጅ አለችው፤ በሞተር ገጠር ለገጠር እየዞረች ከብት የምትከትብ የእንስሳት ሐኪም ናት። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ድንጋይና ጭቃ ነው። አባት ሥራዋን አይጠላም፣ መንገዱን ግን ይፈራል። ስትወጣ ይደውላል፣ ስትደርስ ይደውላል፣ ካላነሳች ባልደረቦቿን ያስጨንቃል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የፊት ጎማ ቀየረላት። ብሎኑን አጠበቀ፤ ቁልፉ ቀጭ አለ። እጁ ግን አላረፈም። ይቺ ልጄ ናት፣ እንደ ሌላው አትሆንም ብሎ አሰበ። ያንን ቁልፍ አስቀምጦ ሌላ አነሳ፣ እጀታው ላይ የብረት ቱቦ ሰካ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ተጫነው። ከዚያ ላቡን ጠርጎ ደስ ብሎት ሸኛት።

ከሰዓት በኋላ ተደወለለት። ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማዋ ወልቆ ታደለች ወድቃለች።

ሆስፒታል ሲደርስ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በሕይወት መኖሯን ካየ በኋላ ንዴት ያዘው። «ብሎኑን ያላላ ሰው አለ፣ ሳላገኘው አላድርም» አለ። ሞተሯን ከመንገድ ወዳነሱት ወደ አቶ ኤርጫፎ ጋራዥ ሄደ። እሳቸውም የድሮ መካኒክ ናቸው። የተበጠሰውን ብሎን መዳፉ ላይ አኖሩለት።

«ይሄ ላልቶ የወጣ አይደለም» አሉት። «እየው፣ አንገቱ ተስቦ ቀጥኗል። ከልኩ በላይ ያጠበቀው ሰው ነው ብሎኑን የገደለው። ማን ነው የሠራላት?»

ላምቦሬ ብሎኑን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ተመልሶ ለልጁ ነገራት፤ አልደበቃትም። ታደለች ጠየቀችው።

«አባዬ፣ የሰው ሞተር ሲሆን ቀጭ ሲል ታቆም የለ?»

«አቆማለሁ።»

«ታዲያ የእኔን?»

«አንቺማ ልጄ ነሽ» አላት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ በገዛ ጆሮው ሰማው።

ገባችሁ? ያ ሰው ለማያውቀው መንገደኛ ልክ ነበረው። ልክ ያጣው ለሚወዳት ነው። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቢያያት ኖሮ በደህና ትገባ ነበር።

ታደለች ከስምንት ወር በኋላ ተነሳች፤ ትንሽ ታነክሳለች። ሞተሯን አልተወችም። ብሎኑን አሁን ራሷ ታጠብቃለች፤ አባቷ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያል። ዝም ብሎ ማየቱ ከሥራ ሁሉ ከብዶታል።

እናንተስ? የጎረቤት ልጅ ፈተና ሲወድቅ «አይዞህ፣ ለከርሞ ታልፋለህ» ትሉታላችሁ። የራሳችሁ ልጅ ሲወድቅስ ምን አላችሁት? ባልየው፣ የሚስትህን ስልክ የምትፈትሸው ስለምትወዳት ነው አይደል? እኛ አገልጋዮችስ፣ ትናንት ባመነ ወንድም ላይ ሸክም በሸክም እየጨመርን «ለነፍሱ ብለን ነው» ስንል፣ ነፍሱ ስትቀጥን አይተናል? እግዚአብሔር የፈጠረውን ሰው አቅም ያውቃል። የማናውቀው እኛ ነን።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ከምትወዱት ሰው አጠገብ ተቀመጡ። «ከብጄብህ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ምክር አትጨምሩ፣ ምክንያት አትደርድሩ። እስኪመልስላችሁ ድረስ ዝም በሉ።