እመቤታችን ሸማኔውን አውላቸውንና ከእርሱ ጋር በምድር ቤት የተጠለሉትን እንዳዳነች

በማርያም ስም የተሰበሰባችሁ ምእመናን ሆይ፣ ልባችሁን ወደዚህ መልሱና እመቤታችን በባዕድ አገር ያደረገችውን ስሙ። በይፋት ምድር አውላቸው የሚባል፣ የክርስትና ስሙም ገብረ ማርያም የሆነ አንድ ሸማኔ ነበረ። እርሱም እመቤታችንን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እጅግ ይወዳት ነበርና የዕለቱን ምስጋናዋን በቃሉ ሳያደርስ እህል አይቀምስም፤ ከሚበላውም የመጀመሪያውን ቁራሽ በስሟ ለተራበ ሰው ሊሰጥ ተስሎ ነበር።

በጠላት ዘመን ግን ወራሪዎቹ የእጁን ጥበብ ሰምተው ያዙትና፣ በአገራቸው ሕዝብ ፊት ተቀምጦ እየሸመነ እንዲታይ በመርከብ ወደ ኢጣልያ ወሰዱት። ጥቂት ወራትም ሳይቆይ የባሕሩ መንገድ በጦርነቱ ተዘጋ። አብረውት የሄዱትም በረሃብና በሳንባ በሽታ አንድ በአንድ ሲያልቁ እርሱ ከታጐሩበት ሰፈር አምልጦ በተራራ ላይ ወዳለች መንደር ሸሸ፤ በዚያም አሱንታ የምትባል መበለት በቤቷ ተቀበለችው።

የዚህች ሴት አንድያ ልጇ ወታደር ሆኖ በተምቤን ወድቆ ነበር፤ የአውላቸውም ታናሽ ወንድም በዚያው ዘመቻ በመርዝ ጭስ ተቃጥሎ ሞቷል። አንድ ቀን ይህን ሲነጋገሩ፣ «ልጄን የገደለው ወንድምህ ይሆናል» አለችው።

«ወንድሜንም የገደለው ልጅሽ ይሆናል፣ እማማ» አላት።

ከዚያም ሁለቱም ብዙ አለቀሱ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም «ልጄ» ብላ ትጠራው ነበር።

ፀሐይ በወጣ ጊዜ ሁሉ ከድንጋዩ ካብ ላይ ይቀመጥና አገሩን ያስብ ነበር። የታኅሣሥ ነዶ ሽታው፣ የመወርወሪያው ድምፅ፣ ሚስቱ የውብዳር ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉረው ዜማ ይመጣበታል፤ የዜማውን መካከል ግን ረስቶት ነበርና ከየት እንደሚቀጥል እየፈለገ ያነባ ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ያ ጦርነት ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት፣ መንደሮችን እያቃጠለ የሚሸሸው ጦርና የሚያሳድደው ጦር በዚያች መንደር ላይ ተገናኙና መድፍ ከሁለት ወገን ይወርድባት ጀመር። የቀረውም ሕዝብ፣ አብዛኛው ሽማግሌና ሴት፣ ወይን ጠጅ ወደሚቀመጥበት ምድር ቤት ገባ፤ ቍጥራቸውም ሠላሳ ሰባት ነፍስ ነበረ። ከእነርሱም አንዱ ከሚሸሸው ጦር ቆስሎ የቀረ ወጣት ነበርና ማንም አይቀርበውም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አሱንታ የመጨረሻውን ደረቅ ዳቦ ቆርሳ ለአውላቸው ሰጠችው። እርሱም ምስጋናውን አደረሰና ቁስለኛውን አጎረሰው። አንድ ሽማግሌም ተቆጥቶ፣ «ቤታችንን ያቃጠሉት እነዚህ ናቸው እኮ!» አለው።

«አውቃለሁ አባቴ፤ ግን ርቦታል» አለው አውላቸው።

ያን ጊዜ ከበሩ በኩል አንዲት ሴት በይፋት ሰው አነጋገር፣ «አውላቸው፣ ልጆቼን ይዘህ ቶሎ ውጣ» ስትል ሰማ። ቀና ቢል ነጭ ኩታ የለበሰች እመቤት ቆማለች። ሸማኔ ነውና ዓይኑ ኩታዋ ላይ አረፈ፤ ነገር ግን ድሩንም ማጉንም ሊለይ አልቻለም፤ ብርሃን ብቻ ነበረ። ከዚያም ተሰወረችው።

እርሱም ተነሥቶ፣ «እንውጣ! እመቤታችን ውጡ ብላለች!» ብሎ ጮኸ።

«ውጭ እሳት እየዘነበ ወዴት ነው የምንወጣው?» አሉት።

አሱንታ ግን ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና፣ «ይህ ሰው ዋሽቶኝ አያውቅም» ብላ ቀድማ ወጣች፤ ሌሎቹም እርስዋን አይተው ተከተሉ። አውላቸውም ቁስለኛውን በጀርባው አዝሎ ከሁሉ በኋላ ወጣ፤ ከእርሻው እርከን ሥር እንደ ተኙም መድፍ ምድር ቤቱን መታውና ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳይቀር ወደ ውስጥ ተናደ። በተቆጠሩም ጊዜ ሠላሳ ሰባቱም ነበሩ፤ ያ ሽማግሌም ቀርቦ ቁስለኛውን በገዛ ካባው ሸፈነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የሰላም ደወል ተደወለ። ነገር ግን ማንም አልዘፈነም፤ እናቶች ደወሉን እየሰሙ የማይመለሱትን በየስማቸው ጠሩ። ያ ወጣትም በዚያች ቀን እናቱን እየጠራ ዐረፈ፤ አሱንታም ዓይኑን ከደነችለት።

አውላቸው በቀጣዩ ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰና ከቤቱ አስቀድሞ ወደ ማርያም ደጅ ሄደ። ሚስቱ የውብዳርም ከቅዳሴ ስትወጣ አየችውና እንደ ድንጋይ ደርቃ ቀረች።

«ተዝካርህን ካወጣሁ አራት ዓመቴ ነው» አለችው። «እውነት አንተ ከሆንክ ቅረብና እጄን ያዘኝ።»

ቀርቦም ያዛት። እርስዋም እጁን ሳትለቅ በደጀ ሰላሙ ተደፍታ እመቤታችንን አመሰገነች፤ ሕዝቡም በእልልታ ደብሩን አናወጠው።

የእመቤታችን ጸሎቷና በረከቷ ይህን በሰማችሁ ሁሉ ላይ ይደር፤ በሩቅ አገር የቀረባችሁን በደኅና ታግባላችሁ፤ መቃብራቸው ላልታወቀውም ሁሉ፣ ለወገንም ለባዕድም፣ ከልጇ ዕረፍትን ትለምንላቸው። አሜን።