በር ተዘግቶ የታዩ ከዋክብት

ተረት ላውጋችሁ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። እናንተ ጆሮ ከሰጣችሁኝ እኔ ሰማይ ድረስ አወጣችኋለሁ።

ድሮ ድሮ፣ ነፋስ በማይደርስበት ሰማይ፣ አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ ምድርን ይዞር ነበር። በሆዱ ውስጥ ሦስት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር፤ ካሜራ፣ በርና መብራት። ካሜራ ከዋክብትን ያያል። በር ፊቱ ላይ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። መብራት ደግሞ ሳትጨምር ሳትቀንስ እኩል ታበራለች። ምድር ላይ ሆነው የሚጠብቋቸው ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ ባለሙያ ነበሩ።

ከፀሐይ የሚወረወሩ ጥቃቅን ብናኞች የካሜራን ዓይን ሲወጉት ኖሩ። እሱ ግን አላወቀም። አንድ ቀን ባዶ በተባለ የሰማይ ጥግ ሦስት ከዋክብት አየ።

«እሜቴ፣ ማንም ያላያቸው ሦስት ከዋክብት አገኘሁ። ለዓለም ይንገሩልኝ» ብሎ ላከ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ደስ አላቸው፤ ግን አልቸኮሉም። «ልጄ፣ መጀመሪያ ዓይንህን እንመርምረው» አሉት።

ካሜራ ከፋው። ወደ በር ዞሮ በሹክሹክታ «ተዘጊ ሲሉሽ ተጣብቄያለሁ በያቸው» አላት።

«የተሠራሁት ለመከፈትም ለመዘጋትም ነው» አለችው። «አንዱን ከተውኩማ በር መሆኔ ቀረ።» ተዘጊ ስትባልም ጥርቅም ብላ ተዘጋች።

«አሁንስ ምን ታያለህ?» አሉት ወይዘሮ አልጋነሽ።

«ጨለማ አያለሁ።» አተኩሮ አየ። «ሦስት ከዋክብትም አያለሁ።»

«በር ተዘግታ?»

«በር ተዘግታ።»

«እንግዲያው የሰማይ አይደሉም፤ ያንተ ቁስሎች ናቸው።»

መብራት ቀጠለች። «እስቲ እኔን እየኝ» አለችው።

አያት። «በግራ በኩል ደብዝዘሻል። ደክሞሻል» አላት።

«እኔ ትናንትም ዛሬም ያው ነኝ። የደከመው የዓይንህ የግራ ጎን ነው።»

ካሜራ አፈረ። «ምን ይሻለኛል?» ሲል ጠየቀ።

«ብርድ የለመደውን ዓይንህን እናሞቀዋለን» አሉት ወይዘሮ አልጋነሽ። «እስኪሽር ድረስ ምንም አታይም።»

«ጨርሼ ታውሬ ብቀርስ?»

«በሌሎች ቴሌስኮፖች ያሉ ወንድሞችህ በዚሁ ድነዋል። አንተም ትድናለህ።»

አመናቸው። ሞቀ፣ ታወረ፣ ቆየ። ቀዝቅዞ ሲነቃ በር እንደተዘጋች ነበረች። «ሁለቱ ቁስሎች ጠፍተዋል፤ አንዱ ግን አለ» ብሎ ራሱ ተናገረ።

«ካወቅነው አያሳስተንም፤ ከምታየው ላይ እንቀንሰዋለን» አሉት። ድካሙንም በመብራቷ ልክ አስተካከሉለት።

በር ተከፈተች። በዚያው ጥግ፣ በስተግራ፣ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ታየችው። ሊጮህ ከጀለ፣ ግን ታገሠ።

«ተዘጊ» አላት በርን። ተዘጋች፤ ነጥቧ ጠፋች።

«ተከፈቺ» አላት። ተከፈተች፤ ነጥቧ ታየች። ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረገ።

«እሜቴ፣ አንዲት ኮከብ አገኘሁ» አለ በእርጋታ።

ያን ቀን ወይዘሮ አልጋነሽ ለዓለም ተናገሩ፤ ዓለምም አመነ።

እኔም ተረቴን ከሰማይ አወረድኩላችሁ፤ እናንተም ምክሩን ተቀበሉኝ፤ ጉድለቱን የሚያውቅ ዓይን፣ ምስክርነቱ ይጸናል።