ሁለት እጅ በአንድ እርፍ

አንድ ገበሬ ነበረ። መሬቱ እፍኝ የምታህል ነበረች፤ በሬው ግን ደረቱ እንደ በር የሰፋ። እናቱ የሞተችበትን ጥጃ በጣቱ ወተት እያላሰ አሳድጎ፣ መከታ ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው። መከታ ስሙን ሲሰማ ይስባል፤ ጅራፍ አያውቅም። ገበሬው ግን «ይህ ሁሉ ጉልበት በእኔ ድንጋያማ ማሳ ባክኖ ሊቀር ነው» እያለ ያዝን ጀመር። ስለዚህ ሆዱ እየባባ፣ ቆላ ወርዶ ሰፊ ጥቁር አፈር ላለው ባለጸጋ ሸጠው። ገመዱን አስረክቦ ተመለሰ።

ወር ሳይሞላ ከባለጸጋው መልእክት መጣ። «የሸጥህልኝ በሬ ሰነፍ ነው። ለፋሲካ አርደዋለሁ።»

የገበሬው ደም ፈላ። «ሰነፎቹስ የእሱ አራሾች ናቸው! መከታ እኔ ዘንድ የመንደሩ አውራ ነበር» እያለ ከጎረቤት ጎረቤት ሲዞር ሰነበተ። ሚስቱ ስትሰማው ቆይታ፣ «በርታ፣ አንተ ሰውዬ» አለችው። «በሬው ሲታረድ ክርክሩን ትረታለህ።»

በነጋታው ወረደ። መከታን ጎኑ ሰንበር በሰንበር ሆኖ አገኘው። በቀኝ መጠመድ የለመደውን በግራ ጠምደውታል። ስሙን የጠየቀ የለም፤ የነገራቸውም የለም። ገበሬው አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በሬውን በቀኝ ጠምዶ እርፉን ጨበጠ። ስሙን ቢጠራው መከታ ጆሮውን አቁሞ ሳበ። ነገር ግን ብዙም ሳይሄዱ ማረሻው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። የባለጸጋው አራሽ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ይህ እንደ እናንተ ድንጋይ አይደለም፤ ከተጫንከው ይውጥሃል። ቀለል አድርገው።» መጥቶም እጁን ከገበሬው እጅ አጠገብ አኖረ።

አንዱ እየጠራ፣ ሌላው እርፉን እያቀለለ ሄዱ። ማሳው መካከል ሲደርሱ ገበሬው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አራሹ «በል መከታ!» አለ። በሬው ጆሮውን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ አዳመጠ፤ ሳበም። ገበሬው እጁን ለቀቀ። ትልሙ አልተቋረጠም። መከታ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ገበሬው ጭቃው ላይ ቆሞ ትንሽ ከፋው፤ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

አንድ ሽማግሌ ይህን ተረት ተናግረው፣ ምክር ወደ ጠየቃቸው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ዞሩ።

«ልጄ፣ ‹አንደኛ ስትወጣ የኖረች ተማሪዬ ዩኒቨርሲቲ በገባች በመንፈቋ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች፤ ጥፋቱ የማን ነው?› ብለህ ጠየቅኸኝ። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ‹ምን ዓይነት ተማሪ ነው የላካችሁልን› ይላሉ፤ እናንተ ‹ልጃችንን ምን አደረጋችኋት› ትላላችሁ። ይህ ሲሆን ቢላዋው እየተሳለ ነው። ተነሥና አብረሃት ሂድ። ምን ስትባል እንደምትበረታ ለእዚያ መምህሯ ንገረው፤ የእነሱ አፈር እንዴት እንደሚታረስ እሱም ይንገርህ። ተመልሰህም የነገረህን ከእሷ በታች ላሉት ተማሪዎችህ አስተምር። እርፉን ሁለታችሁም ያዙት። ዞራ ሳታይህ መሄድ ስትጀምር፣ ያን ጊዜ ልቀቅ።»