የአንጓች ቅል

ዱሮ ነው። ዱሮ ስላችሁ፣ የአያቴ አያት ገና በእናቷ ጀርባ ታዝላ የምታለቅስበት ጊዜ። በጣና ዳር፣ ከደጋ የሚወርድ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት፣ ድንጋይ አጣ የሚባል መንደር ነበር። ስሙ አይዋሽም፤ አገሩ ሁሉ ጥቁር አፈር፣ ሁሉ ሜዳ፤ ለጉልቻ የሚሆን ድንጋይ እንኳ ከሩቅ በአህያ ይመጣል። ከፍ ያለ ቦታ ቢባል የቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ብቻ ነበር።

በዚያ መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ መሬት የላት። ያላት አንድ ወንድም ነው፤ ባዬ ይባላል፤ እግሮቹ ከልጅነቱ ጀምሮ አይታዘዙትም። እሱን ታዝላለች፣ እሱን ታበላለች፣ የቀረ ጊዜዋን ቅል ትተክላለች። ሰው ጤፍ ሲዘራ እሷ ቅል። ሰው ሽምብራ ሲነቅል እሷ ቅል። ሐረጉ ጓሮዋን ሞልቶ ጣራዋ ላይ ይወጣል። ቅሉ ሲደርቅ ፍሬውን አራግፋ አፉን በሰም ትደፍነውና ቤቷ ውስጥ ታንጠለጥለዋለች።

መንደሩ ይስቅባት ነበር። "አንጓች፣ ጠላ የለሽ፣ ወተት የለሽ፣ ለምንሽ ነው ይኼ ሁሉ ቅል?" ይሏታል። "ለባዬ ነው፤ ውኃ ሲመጣ እሱ አይሮጥም" ትላለች። "ቅል ራስ!" ብለው ያልፋሉ። አፍ ለመሳቅ ምን ገዶት!

ውኃው መጣ። በነሐሴ ወንዙ ዳርቻውን ጥሶ ሜዳው ላይ ተኛ። አንጓች በወንድሟ ብብት ሥር ቅል አሰረች፣ በራሷም ብብት አሰረች፣ እየገፋች ጉብታው ላይ አደረሰችው። ተመለሰች። የጎረቤቷን ልጆች እንደ ባዬ አስራ አወጣች። ተመለሰች። አንዲት አራስ ከነልጇ አወጣች። ቅሉ ሲያልቅባት ነው ያቆመችው። ውኃው ሲጎድል "አንጓች እናታችን" አሏት። እስከ መስቀል እንዲህ ሲሉ ከረሙ፤ ከመስቀል በኋላ ረሷት።

ሁለተኛው ውኃ ከዐውሎ ነፋስ ጋር መጣ። ያን ክረምት ሰማዩ ገና ሲጠቁር መንደሩ በሙሉ ደጇ ተሰለፈ። አሁን ቅል ራስ የሚላት የለም፤ "አንጓችዬ፣ እመቤቴ" ሆነ። ጓንጉልም መጣ። ጓንጉል ጭቃ ሹሙ ነው፤ የመንደሩ ዳኛ እሱ፣ ግብር ሰብሳቢው እሱ። አንጓች ማንንም ባዶ እጁን አልመለሰችም። "ውኃው ሲጎድል መልሱልኝ፤ የምለምናችሁ ይኼን ብቻ ነው" አለች። "ሚካኤልን!" ብለው ማሉላት።

ነፋሱ ጣራ እየነቀለ ወሰደ። ጣና ራሱ ተነሥቶ ወደ ሜዳው ገባ። ከብት አለቀ፣ ጎተራ ሄደ፣ እንስራው ሁሉ ተሰባበረ። ሰው ግን አንድም አልሞተም።

ምድሩ ሲደርቅ ጓንጉል "ለሚካኤል ስለት አለብን" ብሎ ደገሰ። ደጋ ያሉ ዘመዶቹ እህልም ጋንም ላኩለት። ጠላው ተጠመቀ፤ መጠጫ ግን ጠፋ። የሸክላው ዋንጫ ሁሉ በውኃው ተሰብሯል። "ቅሉ አለ አይደል?" አለ ጓንጉል። ቢላዋ አመጡና ቅሉን ለሁለት ለሁለት ሰነጠቁት። እሱን ታቅፈው ከሞት ወጡ፣ እሱን ሰንጥቀው "እንኳን ወጣን" ብለው ጠጡ።

አንጓች ባዬን አዝላ ቅሏን ልትሰበስብ መጣች። ጠላ ሞልተው ሰጧት። ይዛ ቆመች።

"ጌታዬ፣ ይኼ እኮ ሰው ነበር" አለችው ጓንጉልን።

"ምን አልሽ?"

"አንዱ ቅል አንድ ሰው ያወጣል። ሰንጥቃችሁት ክረምት ሲመጣ ምን ልትይዙ ነው?"

"አይ አንጓች! ቅል ነው እኮ፤ ሌላ ይበቅላል" አለና ሳቀ። ድግሱ ሁሉ አብሮ ሳቀ። ጌታ ሲስቅ የማይገለጥ ጥርስ የለም።

ሌላ ተከለች። ከደጋ አዲስ የተገዙ ላሞች ጓሮዋ ገብተው ሐረጉን በሉባት። ደግማ ተከለች፤ ደግመው በሉባት። ከሰሰች። "ለቅል ተብሎ ላም አይታሰርም" ብሎ ጓንጉል ፈረደ። ላሞቹ የራሱ ነበሩ። ጣራው ላይ ወጥቶ ከላም አፍ ያመለጠ አንድ ቅል ብቻ ቀረላት።

ሦስተኛው ውኃ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ዝናቡ የጣለው ደጋ ላይ ነው፤ ድንጋይ አጣ ላይ ጠብ አላለም። ሰው ድምፁን ሲሰማ ውኃው ደጁ ደርሶ ነበር። ሁሉም ወደ አንጓች ሮጠ። እሷ ባዬን ደፏ ላይ አስቀምጣ ያንኑ አንድ ቅል ከብብቱ ሥር ታስራለች። ጓንጉል እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ደረሰ።

"አንጓች፣ በሚካኤል! ለእኔም!"

"የእርስዎን ጠጥተውበታል፣ ጌታዬ" አለችው። ቀና ብላም አላየችው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የተናገረው ባዬ ነው። አንጓች ቅሉ የታሰረበትን ገመድ ይዛ ወደ ጉብታው ትገፋው ጀመር። በእሷ ብብት ሥር ምንም የለም። መካከል ላይ ሲደርሱ እግሯ መሬት አጣ። ገመዱ ላይ ስትንጠለጠል ቅሉ ሰመጠ፣ ባዬም ውኃ ጠጣ። "ባዬ፣ ቅሉን እቀፍ፤ እንዳትለቀው" አለችው። እሷ ግን ገመዱን ለቀቀች። ቅሉ ወዲያው ተንሳፈፈ። ባዬን ውኃው ገፍቶ ገፍቶ ጉብታው ሥር ጣለው። አንጓችን ያያት የለም።

የመንደሩ እኩሌታ አለቀ። ጓንጉል ዋርካ ላይ ተሰቅሎ ተረፈ፤ እንዲህ ያለው መቼ ይሞታል!

አርባዋን የደገሰውም እሱ ነው። ባዬን ከአልጋው ላይ፣ ከክብር ቦታ አስቀመጡት። ጠላ ቀዱለት። በቅል ቀዱለት። ባዬ ቅሉን አገላብጦ አየው፤ አፉ ላይ የሰሙ ርዝራዥ አለ። ጠላውን መሬት ላይ ደፋውና ባዶውን ቅል ታቀፈ።

"በዚህ እኮ እህቴ ትወጣበት ነበር" አለ። ከዚያ አለቀሰ።

ማንም አላዘዘም። ሰው አንድ ባንድ የያዘውን ቅል መሬት አስቀመጠ። ጓንጉልም አስቀመጠ፤ መጀመሪያ ግን ጨለጠው።

ከዚያን ቀን ወዲህ በድንጋይ አጣ በቅል አይጠጣም። እንግዳ ቢመጣ በሸክላ ነው፣ በቀንድ ነው። ውለታ ቢሱን ሰው "ቅሏን ሰንጥቆ የጠጣ" ይሉታል፤ ከዚህ የከፋ ስድብ በዚያ አገር የለም።

ወጉ አማረላችሁ? እኔን ያንገበግበኛል። በየቤቱ እየገባሁ "በቅል ትጠጣላችሁ?" ብዬ ጠይቄአለሁ። "ኧረ ምን በወጣን! የአንጓች አገር ሰዎች አይደለን?" ይሉኛል። "ቅልስ ተክላችኋል?" ስላቸው ይስቃሉ። አለመጠጣቱ ቀሏቸው እሱን ያዙ፤ መትከሉን ተዉት። ወንዙ ደግሞ ያው ወንዝ ነው፤ በምን እንደምንጠጣ አይጠይቅም።

እናንተንም አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም። ሂዱና ቅል ትከሉ።